አረንጓዴዋ፣ ነጭዋ እና የደንገጎ ኩርባ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ ፭ ቀን

ሁለት ሆኑ። አንዲት ብቻ ሳለች ነገሩ ቀላል ነበር፤ ወይ መግዛት ነው ወይ መተው። ዛሬ መካኒኩ ዩሱፍ ሁለተኛዋን መኪና ጋራዡ ደጃፍ አቁሞ «አቦ ጋሼ፣ እስቲ እቺንም እያት» አለኝ። አየኋት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

ሐሳቤ እንዲጠራ ልጻፈው።

ነጭዋ የጀርመን ናት። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ውሃ የሚባል አትጠጣም፤ በነፋስ ነው የምትቀዘቅዘው። ሁለት በር። ባለቤቷ መምህር ጌታቸው ነው፤ ወደ ሩቅ አገር ተዛውሮ ሊሄድ ነው። ንጹሕ ሰው ነው፣ መኪናዋም እንደሱ።

አረንጓዴዋ የጣልያን ናት። አራት በር፣ ማርሿ ከመሪው ጎን። የበሮቿ ሥር ዝገት ጀምሮታል። ዳገት ላይ ትፈላለች ይላሉ። ባለቤቷ መጋላ ገበያ ቅመም የሚሸጠው የመናዊው ሳሌህ ነው። የፍሬኗን ሸራ ባለፈው ወር ዩሱፍ ቀይሮላታል።

ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው፣ ከባቡር ነጂነት ጡረታ ስወጣ የተሰጠኝ ለአንዷ ይበቃል። በዋጋ ማመካኘት አልችልም ማለት ነው።

ሰው ሁሉ «ለምንህ ነው?» ይለኛል። «ልጄን ልጠይቅበት» እላለሁ። ሙሉነሽ የተዳረችው ሐረር ነው። ውሸት አይደለም፤ እውነቱም ግን እሱ አይደለም። እውነቱ የደንገጎ መንገድ ነው። ከድሬ ተነሥቶ ተራራውን እየተጠማዘዘ የሐረሩና የቁልቢው እስኪለያዩ ድረስ የሚወጣው። እሱን በገዛ እጄ መሪ እያዞርኩ መውጣትና መውረድ እፈልጋለሁ። ለሌላ ለምንም አይደለም።

ይኸው ጻፍኩት። በዚህ ዕድሜዬ።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ ፮ ቀን

ባቡር መሪ የለውም። ይህን ሰው አያስተውልም። ኩርባ ሲመጣ የሚያዞርህ ሐዲዱ ነው፤ የነጂው ሥራ መቼ እንደሚለቅ፣ መቼ እንደሚይዝ ማወቅ ብቻ ነው። ሚስቴ በላይነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በዚህ ታበሽቀኝ ነበር። «ሐዲዱ ይወስድሃል፣ አንተ ትፎክራለህ» ትለኝ ነበር። እንግዳ ፊት ሳይቀር።

መኪና መንዳት የተማርኩት በዴፖው ካሚዮን ነው። መንጃ ፈቃዴን ካወጣሁ ቆየሁ። የነዳሁት ግን ከዴፖ ጣቢያ፣ ከጣቢያ ዴፖ። ቀጥ ያለ መንገድ።

ቁልቢ በየዓመቱ አብረን እንሄድ ነበር፣ በሰው መኪና ተጭነን። እሷን ኩርባ ይበጠብጣታል። ዓይኗን ጨፍና የእጄን አንጓ ጭምቅ አድርጋ ይዛ ነበር የምትወጣው። እኔ የማየው ሹፌሩን ነበር፤ መሪውን እንዴት እንደሚያዞር፣ እንዴት እንደሚመልስ። እሷ እየታመመች እኔ ደስ ይለኝ ነበር። አላወቀችብኝም። ወይ አውቃ ትታኛለች።

ከሞተች ሁለት ዓመት አለፈ። ሐዘኔ ቀለለ ማለት ነው? ወይስ የምሸሸው ነገር አለ? አላውቅም። ነገ ነጭዋን እሞክራለሁ።


ረቡዕ፣ ታኅሣሥ ፯ ቀን

ሞከርኳት። ጾሜን እንዳለሁ ነው የወጣነው፤ ባዶ ሆድ ለኩርባ ይሻላል ብዬ።

መምህር ጌታቸው ከጎኔ ተቀምጦ ስለ መኪናዋ ሲያወራ ስለ ጎበዝ ተማሪ የሚያወራ ይመስላል። «አንድ ቀን አስቸግራኝ አታውቅም። ያልኳትን ታደርጋለች።» እውነቱን ነው። እንደ ስፌት መኪና እየተርገፈገፈች ሳትማረር ወጣች። ሁለት መኪኖች ክዳናቸውን ከፍተው፣ እንፋሎት እየተፉ መንገድ ዳር ቆመው አገኘን። መምህሩ ለሁለቱም እጁን አውለበለበላቸው። ትንሽ ኩራት አለበት።

አንድ ኩርባ ውስጥ እግሬን ከነዳጁ ለቀቅ ሳደርግ ጀርባዋ ቀድሞኝ ሊሄድ አለ። ደነገጥኩ።

«ኩርባ ውስጥ አይልቀቁባት፣ አቶ አያሌው» አለኝ። «ቂም ትይዛለች።»

ስንወርድ እህል የጫነ ትልቅ ካሚዮን ከፊታችን ገብቶ እስከ ታች እየተንፏቀቅን ወረድን። ቁልቁለት ላይ እንዴት እንደምትሆን የማውቀው የለም።

የማትፈላ፣ የማትሰበር፣ የማታሳፍር መኪና ናት። አእምሮዬ «እሷን» አለ። ልቤ ዝም አለ። መጥፎ ነገር አልተናገረም፣ ዝም ብቻ።


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ ፰ ቀን

የንስሐ አባቴ አባ ተክሌ ቤት ድረስ መጡ። ጸበል ረጭተው ከተቀመጡ በኋላ ጠየቅኳቸው። «አባቴ፣ ሰው ለደስታው ብቻ ብሎ መኪና ቢገዛ ኃጢአት ነው?»

«ስንት ሰው ይይዛል?» አሉኝ።

«አራት።»

«ታኅሣሥ ዐሥራ ዘጠኝ ለገብርኤል ቁልቢ ስትሄድ ሦስት ሰው ከጫንክ ኃጢአቱ ለአራት ይከፈላል።» ፊታቸው አልተፈታም። እስካሁንም ቀልድ ይሁን ትምህርት አልገባኝም።

ሲነሡ ደግሞ በሩ ላይ ቆም ብለው «ሚስትህ ካረፈች ወዲህ የምትነግረኝ ሁሉ የቆጨህን ነው። ደስ የሚለኝ ነገር አለ ብለህ ስትመጣ ዛሬ የመጀመሪያህ ነው። ስጠብቀው ነበር» አሉ።

ስለ የትኛዋ መኪና ምንም አላሉም። መጠየቅም አፈርኩ።


ዓርብ፣ ታኅሣሥ ፱ ቀን

በሕይወት ገብቻለሁ።

ሳሌህ ከጁምዓ ሶላት እንደተመለሰ አረንጓዴዋን ይዘን ወጣን። መጀመሪያ ስለ መውጣቱ ልጻፍ፣ ኋላ የሆነው እንዳያስረሳኝ። መሪዋ ቀላል ነው። ስታስብ ትዞራለች። ከአንዱ ኩርባ ስንወጣ ቀጣዩ ከፊት ለፊት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ እሷም የምታውቀው ይመስል አንገቷን ታዞራለች። ማርሹን ከመሪው ጎን ስታወርደው ድምጿ ይወፍራል። ሳላውቀው እየሳቅኩ ነበር። ሳሌህ ዞር ብሎ አየኝና «ያ አያሌው፣ ጥርስ አለህ እንዴ?» አለኝ።

ሁለት ጊዜ ቆመን ውሃ አጠጣናት። ይሁን። እኔም ለሽማግሌ ወገቤ ዕረፍት አገኘሁ።

ከዚያ መውረድ ሆነ። ቁልቁለቱ ሲጀምር እንደ ባቡር አድርጌ ያዝኳት፤ ሳልለቅ፣ ፍጥነቷን አንድ ዓይነት አድርጌ። ሳሌህ «ማሻአላህ፣ አነዳድህ እንደ ሐር ነው» አለ። ደስ አለኝ።

ግማሽ ያህል እንደ ወረድን የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ሳሌህ የገዛ እጁን አሸተተ፣ ቅመሙ መስሎት። ቀጥሎ ፍሬኑ ከእግሬ ሥር ሟሟ። እስከ ወለሉ ወረደ፣ መኪናዋ ግን አልያዘችም። ቀኝ እጄ ወደ ላይ ሄደ። ለምን እንደ ሄደ ያወቅኩት ኋላ ነው፤ የባቡሩን ፉጨት ገመድ ፍለጋ ነው። መኪና ውስጥ ገመድ የለም። እጅ ፍሬኑን ጎትቼ ወደ ተራራው ጎን፣ መንገድ ሠሪዎች ከከመሩት ጠጠር ላይ ሰቀልኳት። የቀኝ ፓራፋንጎዋ፣ የጎማዋ መከለያ፣ ተጨራመተ። እኛ ደኅና ነን።

ከቆመች በኋላ ነው ድምፃችንን የሰማነው። እሱ ሸሃዳውን ይላል፣ እኔ ገብርኤልን እጠራለሁ።

ጥላ ሥር ቆየን። ጎማዎቿ ይጨሱ ነበር። ሲቀዘቅዙ ፍሬኑ ተመልሶ ያዘ። እያዘገምን ገባን።

ለገብርኤል ሻማ ተስያለሁ።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ ፲ ቀን

ነገሩ ከተማውን ሞልቶታል።

ጠዋት ሳሌህ ዩሱፍ ጋራዥ ሄዶ በሰው ፊት አዋረደው። እኔ የደረስኩት መካከሉ ላይ ነው። ዩሱፍ ጎማዋን አውልቆ ሸራውን በእጁ ይዞታል፤ ጠቁሯል፣ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል።

«ወላሂ ደኅናውን ሸራ ነው የገጠምኩት!» ይላል ዩሱፍ። «ምናልባት ሹፌሩ እግሩን...»

«ሹፌሩ ማን ነው?» ብሎ ሳሌህ ጮኸበት። «ጋሽ አያሌው ነው! ዕድሜውን ሙሉ ሰው ጭኖ ተራራ ያወረደ ሰው! እንደ ሐር ነበር የሚነዳው፣ አጠገቡ ነበርኩ!»

ዩሱፍ ወደኔ አየ፣ አፈረም። «ይቅር በለኝ ጋሼ፣ አንተን ማለቴ አይደለም። ሸራው ይሆናል፤ ከጅቡቲ የመጣ ነው፣ ማን ያውቃል።»

እኔ ምን አልኩ? «እግዚአብሔር አተረፈን» አልኩ። ይህን ብቻ። እውነት ነው፣ አተረፈን።

ከሰዓት ሁለት ሰዎች መኪናቸውን ከዩሱፍ ጋራዥ አወጡ። አንዱ ሥራው ሳያልቅ ነው ያስጎተተው። ሳሌህም ምሏል፦ «የሰው ደም በአንገቴ አላስገባም። ለማንም አልሸጣትም። ሰኞ ቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ መጥተው ይውሰዷት፣ ማንቆርቆሪያ ትሁን።» የሚያስፈራው ይህ ነው፤ ሳሌህ ከማለ አይመለስም።

ሙሉ ከሐረር በአውቶቡስ መጣች። መንገድ ላይ ሰምታለች። «አባባ፣ ነጭዋን ግዛ። ወይ ጭራሽ ተወው። እኔው እመጣልህ የለም?» አለችኝ። እሺ አልኳት። ለምን እሺ እንዳልኩ ይገባኛል፤ አረንጓዴዋ ካለቀላት ምርጫውም አለቀ። የማይረባ እፎይታ ነው።

የተጨነቅኩት ስለ ዩሱፍ ነው። ሸራው መጥፎ ከሆነ ለምን ሲቀዘቅዝ ያዘ? ይህ ከራሴ አልወጣ አለ።


እሑድ፣ ታኅሣሥ ፲፩ ቀን

ከቅዳሴ ስመለስ ሙሜን አገኘሁት። የዩሱፍ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከአወዳይ ጫት ጭኖ እንደ ነፋስ የሚወርደው። ጫቱ ሳይጠወልግ ድሬ መግባት አለበትና ደንገጎን ከጫት ሹፌሮች ይበልጥ የሚያውቅ የለም። ጎማውን ሲያይ ደረስኩና እንደ ዋዛ ጠየቅኩት።

«ሙሜ፣ ቁልቁለቱን እንዴት ነው የምትወርደው?»

«በማርሽ ነዋ ጋሼ! በወጣህበት ማርሽ ትወርዳለህ። ፍሬን ኩርባው አፍ ላይ ጠቅ፣ ከዚያ እግር ማንሣት ነው። ይዞ የሚወርድማ ያቃጥለዋል። መጀመሪያ ይሸትሃል፣ ቀጥሎ እግርህ ወለል ይነካል፣ ቀጥሎ ኢናሊላሂ፣ ቀብር ነው።»

«ሲቀዘቅዝስ?»

«ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። አንተ ከተረፍክ።»

ሳቀ። እኔም የሳቅኩ መስዬ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

እኔ ነኝ። ሸራውም አይደለም፣ ዩሱፍም አይደለም። ባቡር የሚወርደው ፍሬኑ ተይዞ ነው፤ የተማርኩትም ያስተማርኩትም እሱን ነው። «እንደ ባቡር አድርጌ ያዝኳት» ብዬ ዓርብ ዕለት በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፣ ያውም በኩራት።

ወዲያው ወደ ጋራዡ ተነሣሁ። የደቻቱ ድልድይ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከቀትር በኋላ ነው፣ ጋራዡ ጥላ ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ ጫት ተይዟል፣ የድሬ ሹፌር ግማሹ እዚያ አለ። ድሬ ደግሞ አንድ ጊዜ ስም ካወጣችልህ እስከ መቃብርህ ትጠራሃለች። ሌላው ቢቀር መልካም ስም ነበረኝ፤ ከሥራ ስወጣ ይዤ የወጣሁት እሱን ነው። ሳሌህ የጮኸው በዚያው ስም ነው። ዩሱፍ አንገቱን የደፋው በዚያው ስም ነው።

ከድልድዩ ተመለስኩ። ነገ ሚካኤል ነው፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ። ሙሉ «ምን ሆነሃል አባባ?» አለች። «ፀሐዩ ነው» አልኳት።

አልጸለይኩም። ምን ብዬ እንደምጀምር አጣሁ።


ሰኞ፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን። ሚካኤል።

ሙሉን ጠዋት አውቶቡስ አሳፈርኳት። ከዚያ በቀጥታ መሄድ ስችል አልሄድኩም፣ እስከ ቀትር ሰበብ ፈለግኩ። ጫማ አስጠረግኩ። ጋዝ ገዛሁ። መጨረሻ ላይ ያስነሣኝ ቀጥቃጮቹ ጋሪያቸውን እየገፉ በቤቴ ፊት ሲያልፉ ማየቴ ነው።

ጋራዡ ስደርስ ሳሌህም እዚያ ነበር፣ የመኪናዋን ወረቀት ይዞ። አረንጓዴዋ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ከተነጠፈው ምንጣፍ ዳር ቆሜ እንደ ቆምኩ ተናገርኩ፦

«ከላይ ጀምሮ እግሬን ፍሬን ላይ ጭኜ ነው የወረድኩት። አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣሁም። ሸራውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። የዩሱፍ ሥራ ንጹሕ ነው። መኪናዋም ጥፋት የለባት።»

ጫት የሚቀነጥሰው እጅ ሁሉ ቆመ። አንድ ሽማግሌ ሹፌር ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ ከኋላህ ስንት ፉርጎ ነበር?»

ከዚያ ወዲያማ ማን ያስቁማቸው። አንዱ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለ። አንዱ ባቡር ሆኖ አፏጨ። ሙሜ እንባውን እየጠረገ «ትናንት ሲጠይቀኝ! ወላሂ፣ ትናንት ሲጠይቀኝ!» ይላል። ስሜንም እዚያው አወጡልኝ፦ ጋሽ ፍሬን። ሳልቀመጥ ወጣልኝ።

ዩሱፍ አልሳቀም። ተነሥቶ መጣና ከጎኑ ቦታ ለቀቀልኝ። «ሁለት ሌሊት ሸራውን እያገላበጥኩ ነው የማድረው» አለኝ። «እጄን መጠርጠር ጀምሬ ነበር፣ ጋሼ።» ይህ ከሳቃቸው ይልቅ ከበደኝ። ይቅርታ ለመንኩት። «አቦ ተወው፣ ቁጭ በል» አለ።

ሳሌህ ግን ቁሞ ቀረ። መሐላው አለበት።

«ሰው እንዳትገድል ብዬ ነው የማልኩት» አለ፣ ለራሱ የሚያወራ ይመስል። «ገዳዩ እሷ ካልሆነች መሐላው በማን ላይ ነው?» ምንጣፉ ላይ ያሉት አንድ ሐጂ «በጋሽ ፍሬን ላይ ነው» ሲሉት እሱም ሳቀ። ቀጥቃጮቹን ሸኛቸው። ቀጥሎ ወደኔ ዞሮ «የተጨራመተውን ግን አንተ ታሠራለህ። ደግሞ ሙሜ ቁልቁለት ሳያስተምርህ ቁልፍ አልሰጥህም» አለ።

መቼ እገዛታለሁ አልኩት? አላልኩም። እሱ ግን አወቀ።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ ፲፫ ቀን

መጀመሪያ መምህር ጌታቸው ጋ ሄድኩ። አልገዛም ስለው ቅር አለው። «ምን ጥፋት አገኙባት?»

«ምንም» አልኩት። «ጥፋት ያጣሁባት መኪና ናት።»

አስቦ አስቦ «ይህ መልስ አይደለም» አለ። እውነቱን ነው።

ከሰዓት ሙሜ አስተማረኝ። ከባድ መምህር ነው። እግሬ ወደ ፍሬኑ ባመራ ቁጥር ጉልበቴን በጫት እንጨት ይመታኛል። «አንሣ! ማርሹ ይይዛታል፣ እመነው!» ሰባት ስምንት ኩርባ ላይ አላመንኩም። ከዚያ አንዱ ላይ አነሣሁ፤ ማርሹ ያዛት።

የዩሱፍ ጋራዥ ሁለት መኪና ገብቶለታል። አንዱ ያ ሳያልቅ ያስጎተተው ነው።


ረቡዕ፣ ታኅሣሥ ፲፬ ቀን

የኔ ናት። ፓራፋንጎዋ ገና አልተቀባም፣ ግን የኔ ናት።

ለብቻዬ ወጣሁ። በባቡር ሁልጊዜ ረዳት ከጎኔ ነበር፤ ለብቻዬ ማሽን ስነዳ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ከላይ፣ መንገዱ ከሚለያይበት ዘንድ፣ ስትፈላ ቆምኩላት። ብርድ አለ። ከድሬ ሙቀት ወጥቶ እዚያ መቆም ፊትን እንደ መታጠብ ነው። ውሃ የምትሸጥ የሠፈሩ ሴት ጀሪካኗን ይዛ መጣች።

«ሐረር ነው?» አለችኝ።

«አይደለም።»

«ቁልቢ?»

«እሱ ሰኞ ነው። ዛሬ እስከዚሁ ነው።»

መኪናዋን አየች፣ እኔን አየች። «እዚህ ምን አለ?»

«ኩርባው» አልኳት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ሳቀችና ውሃውን ጨመረችልኝ፤ የታመመ ሰው እንደሚረዱት፣ በርኅራኄ።

መውረዱን በሁለተኛ ማርሽ ጀመርኩ። እግሬን ከፍሬኑ ጎን አኖርኩት፣ ኩርባው አፍ ላይ ጠቅ፣ ከዚያ አነሣለሁ። እጄ ያዞራል፣ ይመልሳል፣ ያዞራል። ሐዲድ የለም። ከሦስተኛው ኩርባ በኋላ የግራ እጄ አንጓ ቀለለኝ፣ የሚይዘው የለምና። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያው አንጓ ከበደኝ። ሁለቱንም እንዳሉ ተውኳቸው። በላይነሽን «ይኸው፣ እኔው ነኝ የማዞረው» አልኳት። ጮክ ብዬ ነው፤ መስኮቱ ዝግ ነበር።

መካከል ላይ ከኋላዬ ክላክስ ተንጫረረ። ሙሜ ነው፣ ጫቱን ጭኖ። ሰፋ ያለው ቦታ ላይ ጎኔን ታኮ ሲያልፍ ግማሽ አካሉን አውጥቶ «ጋሽ ፍሬን! አንሣ!» ብሎ ጮኸ።

አንሥቼ ነበር። እሱ አላየም እንጂ።

ለሙሉ አረንጓዴዋን መግዛቴን ገና አልነገርኳትም። ለቁልቢ ሰኞ ጠዋት እንነሣለን። ዩሱፍ «እግርህን ልጠብቅ» ብሎ ከኋላ ይቀመጣል። የፊቱን ወንበር አባ ተክሌ ይዘውታል። ስለ ዓርቡ ሰምተዋል መሰለኝ፣ ዛሬ ሲያልፉ መቁጠሪያቸውን ከፍ አድርገው አሳዩኝ፤ ይዘውት ሊገቡ ነው።